የዩኒቨርሲቲ ምደባ፦ ከ11ኛ ክፍል እስከ ትምህርት ክፍል ምርጫ

በኢትዮጵያ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በአብዛኛው ለዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ አይጽፍም። የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ይወስዳል፤ ካለፈ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር ውጤቱን፣ ምርጫውንና የተቋማቱን የቅበላ አቅም አገናዝቦ ይመድበዋል። በምደባ ውስጥ የድጋፍ ደብዳቤም ሆነ ቃለ መጠይቅ ቦታ የላቸውም። ለተማሪውና ለቤተሰቡ የሚተወው ውሳኔ ጥቂት ነው። ያም ጥቂት ውሳኔ በአንድ ቀን ተሰብስቦ አይመጣም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ተበታትኖ ስለሚመጣ ብዙ ቤተሰብ ሳያስተውለው ያልፈዋል።

የመጀመሪያው ውሳኔ 11ኛ ክፍል ሲጀመር በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ መካከል የሚደረገው ምርጫ ነው። በዚያ ዕድሜ ገና 16 ወይም 17 ዓመት የሆነው ልጅ ጓደኛውን ተከትሎ፣ ወይም «ጎበዝ ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ነው የሚገባው» የሚለውን የሰፈር ወግ ሰምቶ ይወስናል። ውጤቱ ግን ሩቅ ይሄዳል፤ ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ምህንድስና የሚወስድ መንገድ አያገኝም። በሒሳብና በፊዚክስ የሚቸገር ልጅ ደግሞ ስም ስላለው ብቻ ተፈጥሮ ሳይንስ ገብቶ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ሊያስገኙለት ይችሉ የነበረውን ውጤት ያጣል። ወላጅ የልጁን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርድ በየትምህርቱ ለይቶ ማየት፣ ከክፍል ኃላፊ መምህሩም ጋር መነጋገር የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። 12ኛ ክፍል ከደረሱ በኋላ የሚደረግ ምክክር ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል።

እዚህ ላይ ወላጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ የሚመክሩት በራሳቸው ዘመን በነበረው ማትሪክ ተመርተው ነው። የያኔው ተፈታኝ ውጤት ከ4.00 ነጥብ በአምስት ትምህርቶች አማካይ ይሰላ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ 10ኛ ክፍል ላይ ሀገር አቀፍ ፈተና ወስዶ መሰናዶ የገባ ነው። ዛሬ የ10ኛ ክፍሉ ሀገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል፤ ወሳኙ የ12ኛ ክፍል ፈተና ብቻ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ለሁለቱም ዘርፎች የጋራ ናቸው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨምራል። ጠቅላላው ከ600 ይታሰባል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ስለተገኘ ተሰርዞ በድጋሚ መሰጠቱ አይረሳም። ስርቆትንና ኩረጃን ለመግታት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደርጓል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር፣ በበይነ መረብ ይፈተናል። ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ የገጠር ተማሪ ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ማውስ መያዝና መልስ መምረጥ የሚለማመድበትን ዕድል ሊፈጥርለት ይገባል።

የሚያልፈው ጥቂት ነው። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ሆነዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የወደቀን ልጅ በስንፍና ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቤተ ሙከራና መጽሐፍ በሌለበት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ተማሪ የሚሸከመው ድክመት የእርሱ ብቻ አይደለም።

ያለፈው ተማሪ ምርጫውን የሚሞላው ሚኒስቴሩ በሚከፍተው ድረ ገጽ ሲሆን የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ብዙ ተማሪዎች ሦስትና አራቱን የመጀመሪያ ምርጫዎች በጥንቃቄ ይሞሉና የቀረውን በዘፈቀደ ይጨርሳሉ። ይህ አደገኛ ነው። ታዋቂዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ውጤት ባላቸው ተማሪዎች ቶሎ ስለሚሞሉ፣ መካከለኛ ውጤት ያለው ተማሪ የሚመደበው ብዙ ጊዜ ያላሰበበት ተራ ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ድረስ ታስቦበት መሞላት አለበት።

ለዚህም በቅድሚያ መታየት ያለበት ተቋሙ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ከ40 በላይ ከሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስምንቱ፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ፣ በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ተመድበዋል። የቀሩት በአብዛኛው አፕላይድ ወይም አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተለይተዋል። ስሙ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሕግ ማጥናት የምትፈልግ ልጅ የሕግ ትምህርት ቤት የሌለውን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ተራ ብትጽፍ ዝናው አይጠቅማትም። ከትምህርቱ ቀጥሎ ቦታው ይመጣል። ሰመራ በአፋር ቆላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ የሚገኝ ብርዳም ደጋ ነው። አስም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ተማሪ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። የመንገዱ ርቀት፣ የትራንስፖርት ወጪውና የአካባቢው ሰላምም በግልጽ ሊመከርባቸው ይገባል። ወላጅ ስጋቱን ይናገር፤ የቅደም ተከተሉን ዝርዝር ግን ልጁ ራሱ ይሙላው። አባት በልጁ የይለፍ ቃል ገብቶ ሁሉንም «ሕክምና ያለበት» አድርጎ የሞላው ምርጫ የአባትየው ምርጫ ነው፤ ለዓመታት የሚማረው ግን ልጁ ነው።

ልዩ ሁኔታ ያላቸው ተማሪዎች የሚታዩበት በር አለ። አካል ጉዳተኞች፣ ተከታታይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው፣ የሚያጠቡ እናቶችና መንትዮች ማስረጃቸውን በተባለው ጊዜ ካቀረቡ በምደባው ግምት ውስጥ ይገባሉ። ቁልፉ ጊዜው ነው። የሕክምና ማስረጃ ይዞ መሮጥ የሚገባው ምደባው ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ከተሠራ በኋላ ማስለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው። «በገንዘብ አስቀይራለሁ» ለሚል ደላላ አንድም ብር መስጠት አይገባም።

ከዚህ የጋራ መንገድ ውጪ የሚቀበሉ ተቋማትም አሉ። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ይመርጣሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበል ጀምሯል። ለእነዚህ ተማሪው ራሱ ማመልከት አለበት፤ ማስታወቂያውን ያልተከታተለ ጎበዝ ተማሪ ምንም ያህል ውጤት ቢኖረው ዕድሉ ያልፈዋል።

ምደባው ሲታወቅ የዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያ ይወጣል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕትና የፈተናው ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ በየማስታወቂያው የሚጠየቁ ናቸው። በሰነዶቹ ላይ የስም ፊደል ልዩነት ካለ ከትምህርት ቤቱ ሳይርቁ ማስተካከል ይሻላል።

ግቢ መግባት የምርጫው ፍጻሜ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ፍሬሽማን ነው፤ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና የመሳሰሉት ይሰጣሉ። ትምህርት ክፍል የሚደለደለው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የፍሬሽማን ውጤት ዋነኛው መለኪያ ነው። ለዓመታት ሲጨናነቅ የኖረ ተማሪ «አሁን ገብቻለሁ» ብሎ የሚዘናጋው በዚያው ዓመት ነው። የሕክምናውን፣ የሶፍትዌሩን ወይም የሕጉን ወንበር የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ይህ መዘናጋት ነው። ቤተሰብ በ12ኛ ክፍል ያሳየውን ትኩረት ቢያንስ እስከዚህ ድረስ ቢያዘልቀው ልጁን ይጠቅመዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ውሉ ዕዳ መሆኑን አውቆ መፈረምና ቅጂውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

50 በመቶ ላልደረሱት ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሪሜዲያል ትምህርት አለ። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወሰናል፤ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎችና ለዓይነ ስውራን ዝቅ ይላል። በዩኒቨርሲቲ ለወራት ተምረው ማለፊያውን ያመጡ በቀጣዩ ዓመት ፍሬሽማን ይገባሉ። ሌሎች የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ወይም እንደገና መፈተንን ይመርጣሉ፤ ሁለቱም የሚያሳፍሩ አይደሉም።

የግል ኮሌጅ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ሁለት ነገር ማወቅ ግዴታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ፣ የመንግሥትም የግልም፣ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ኮሌጁ ዕውቅና ከሌለው ግን አራት ዓመት የተከፈለበት ትምህርት ዲግሪ አያስገኝም። ዕውቅናው የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርት ፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ስለሆነ፣ የምዝገባ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ልጁ የሚማረው ትምህርት በሚማርበት ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ።