የመረሬ አፈር ሦስት ምስክሮች

በመጋቢት ወር ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ጊንጪ የተጓዘ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ጥቁር ማሳ ልብ ብሎ ቢመለከት፣ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተተልትሎ ያየዋል። ያው ሰው በነሐሴ ቢመለስ ስንጥቁን አያገኘውም፤ በምትኩ ጫማ የሚያስቀር ጭቃና በማሳው ላይ የተኛ ውኃ ይጠብቀዋል። አፈሩ ግን ያው አንድ አፈር ነው። በሸዋ ገበሬው መረሬ ይለዋል፤ በሰሜኑ ክፍል ዋልካ፣ በኦሮምኛ ደግሞ ኮቲቻ ይባላል። በሳይንሳዊው ምደባ ቬርቲሶል ሲባል፣ ስሙ «ማገላበጥ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን፣ ከዚህም ወደ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋማው ክፍል እንደሚገኝ ይገመታል።

አንድን አፈር «ይህ ቬርቲሶል ነው» ብሎ መሰየም የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማሳው ቦይ ያስፈልገዋል ወይስ ውኃ ማቆር? በሐምሌ ስንዴ ይዘራበት ወይስ እስከ መስከረም ጠብቆ ሽምብራ? የቤቱ መሠረት ምን ያህል ይጥለቅ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከዚሁ ስያሜ ይጀምራል። ስያሜው ከተሳሳተ የገበሬው የአንድ ዓመት ልፋት ወይም የአንድ ቤተሰብ ግድግዳ ዋጋውን ይከፍላል። በዚህ ጽሑፍ አንድ አፈር ማንነቱ የሚረጋገጥባቸውን ሦስት ምስክሮች፣ ማለትም የመስክ አሰሳን፣ የቤተ ሙከራ ምርመራንና የአየር ንብረት መረጃን፣ መረሬን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ጥቁረቱ ብቻ ለምን አይበቃም?

ብዙ ተማሪዎች «ጥቁር አፈር በብስባሽ የበለጸገ ነው» የሚል እምነት አላቸው። ይህ እምነት ለዩክሬንና ለሩሲያ ጥቁር አፈር፣ ለቼርኖዜም፣ እውነት ነው። ሩሲያዊው ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ እ.ኤ.አ. በ1883 የታተመ ጥናቱን ያካሄደው በዚያ አፈር ላይ ሲሆን፣ አፈር የአየር ንብረት፣ የሕይወታውያን፣ የመሬት አቀማመጥ፣ የወላጅ ዓለትና የጊዜ ውጤት ነው የሚለው አስተሳሰብም መሠረቱን ያገኘው ከእርሱ ሥራ ነው። መረሬ ግን እንደ ቼርኖዜም ቢጠቁርም የያዘው ብስባሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ጥቂቱ ብስባሽ ከሸክላው ቅንጣቶች ጋር አጥብቆ በመጣመሩ ሙሉውን አፈር ያጠቁረዋል። በዚህም ምክንያት መረሬ ጥቁር ሆኖ ሳለ ናይትሮጅን ሊያጥረው ይችላል። ዓይን የሚሰጠው ምስክርነት መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።

የመጀመሪያው ምስክር፦ መስኩ

የአፈር አሳሽ ሥራውን የሚጀምረው በአካባቢው ተዘዋውሮ አቀማመጡን በማጤን ነው። ባዛልት ከሆነ አንድ ኮረብታ ላይ ቆመን ቁልቁል ብንመለከት፣ ብዙውን ጊዜ ተዳፋቱ ቀይ፣ ሜዳው ግን ጥቁር ነው። ዓለቱም ዝናቡም አንድ ሆኖ ሳለ አፈሩ ለምን ተለያየ? በተዳፋቱ ላይ ውኃ እየሠረገ ስለሚያልፍ ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና የተወሰነውን ሲሊካ አጥቦ ይወስዳል፤ የሚቀረው በብረት ኦክሳይድ የቀላ፣ ካኦሊናይት የሚባል ሸክላ የሚበዛበት አፈር ነው። የታጠበው ንጥረ ነገር በሜዳው ይከማቻል። በዚያም መርጠብና መድረቅ ሲፈራረቁ ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ቤተሰብ ይፈጠራል። የመረሬ ምስጢር ያለው በዚህ ማዕድን ውስጥ ነው።

ቀጥሎ እስከ 2 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። አሳሹ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የሚፈልጋቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በበጋ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛው የሽብልቅ ቅርጽ ያለው የአፈር ጓል ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ፣ ጭረት ያለበት ዘንበል ያለ ገጽ ነው። ይህ ገጽ የተወለወለው በአፈሩ በራሱ እንቅስቃሴ ነው። በበጋ ከላይ የሚፈረፈረው አፈር ወደ ስንጥቁ ይወድቃል፤ ክረምት ሲገባ የታችኛው አፈር ሲያብጥ ቀድሞ የነበረው ቦታ ተይዞ ስለሚያገኘው ወደ ጎንና ወደ ላይ ይገፋል። ግፊቱ ከአፈሩ ጥንካሬ ሲበልጥ አንዱ ጓል በሌላው ላይ ይንሸራተትና ገጹን ይወለውለዋል። «ማገላበጥ» የሚለው ስም የተሰጠውም ከዚሁ ሂደት በመነሣት ነው።

ሁለተኛው ምስክር፦ ቤተ ሙከራው

ለቬርቲሶልነት የሸክላው መጠን ቢያንስ ከመቶ 30 መሆን አለበት። ይህ የሚለካው ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ሕግ ነው። በውኃ ውስጥ የምትሰጥም ቅንጣት ፍጥነት ከዲያሜትሯ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ዲያሜትሯ 50 ማይክሮ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ወደ 45 ሴኮንድ ይበቃታል። 2 ማይክሮ ሜትር የሆነች ቅንጣት ግን በዲያሜትር 25 ጊዜ ስለምታንስ በፍጥነት 625 ጊዜ ትዘገያለች፤ ያንኑ ርቀት ለመጨረስ ወደ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ የተበጠበጠ አፈር በተወሰነ ሰዓት የሚኖረውን ጥግግት በሃይድሮሜትር በመለካት ሸክላው፣ ደለሉና አሸዋው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይቻላል።

ይሁን እንጂ የሸክላው መጠን ብቻውን አይበቃም፤ የቀዩም አፈር ሸክላ ከመቶ 60 ሊደርስ ይችላልና። የሚለየው የሸክላው ዓይነት ነው። ይህንን የሚነግረን በብራግ ሕግ የሚሠራው የኤክስሬይ መሣሪያ ነው። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ ንጣፎች የተሠራ ክሪስታል ነው። በካኦሊናይት ከንጣፍ ወደ ንጣፍ ያለው ርቀት 0.7 ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን ንጣፎቹ ጥብቅ ስለሆኑ ውኃ በመካከላቸው አይገባም። በአየር የደረቀ ስሜክታይት ግን ርቀቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ናኖ ሜትር ነው፤ በኤቲሊን ግላይኮል ሲነከር ወደ 1.7 ይሰፋል፤ በ550 ዲግሪ ሲጋገር ደግሞ ወደ 1.0 ይኮማተራል። ማሳው በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጠቀው ዓይን በማያየው በዚህ ርቀት መስፋትና መጥበብ ምክንያት ነው።

የዕብጠቱ መጠን በማስመሪያም ቢሆን ሊለካ ይችላል። እርጥብ የአፈር ዘንግ ርዝመቱ ተለክቶ ይደርቅና እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ለደረቁ ርዝመት ሲካፈል 0.06 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አፈሩ በጉልህ የሚያብጥ ነው። ለምሳሌ ውጤቱ 0.09 ቢሆን ጥቂት ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን አፈር በሦስቱም አቅጣጫ ስለሚያብጥ፣ 1.09 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ወደ 1.3 ይሆናል። ይህም ማለት ይዘቱ ከመቶ 30 ያህል ይጨምራል። ጥልቀት በሌለው መሠረት ላይ የቆመ ቤት ግድግዳው ቢሰነጠቅ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ቤተ ሙከራው ሌላም ነገር ይነግረናል። ዕፅዋት ውኃን ከአፈር የሚስቡት ከከባቢ አየር ግፊት ወደ 15 እጥፍ እስከሚሆን ስበት ድረስ ነው። መረሬ ብዙ ውኃ ይይዛል፤ የዚያኑ ያህል ብዙውን ከዚህ ወሰን በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ አፈሩ በእጅ ሲነካ እርጥብ እየመሰለ ተክሉ በጥም ሊጠወልግ ይችላል።

ሦስተኛው ምስክር፦ ሰማዩ

አንባቢው «አፈሩ ተቆፍሯል፣ ተመርምሯል፤ የዝናብ መዝገብ ደግሞ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አፈሩ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያብጥና ስንት ቀን ደርቆ እንደሚቆይ የሚወስነው ሰማዩ ስለሆነ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን ወደ 2.45 ሜጋ ጁል ኃይል ያስፈልጋል። አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን 10 ሜጋ ጁል የተጣራ ጨረር ቢያገኝ፣ ሊያተን የሚችለው ወደ 4 ሊትር፣ ማለትም 4 ሚሊ ሜትር ውኃ ነው። ይህን ስሌት ከነፋስ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር አያይዞ የሚያሰላው የፔንማንና የሞንቲዝ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መደበኛ ዘዴ ሆኖ ወጥቷል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደመናማው ሐምሌ ትነቱ በቀን 3.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ30 ቀን 105 ይሆናል። በዚያው ወር 215 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 110 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ ይህም በአንድ ሄክታር 1,100 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። በቀዩ አፈር ላይ ትርፉ ወደ ታች ይሠርጋል። ባበጠው መረሬ ላይ ግን ስንጥቁ ስለተዘጋ መውጫ አጥቶ ይተኛል፤ ሥሩም አየር ያጣል። ዝናቡ አንድ ሆኖ ዕጣው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የአፈሩ መረጃ ያለ ሰማዩ፣ የሰማዩም መረጃ ያለ አፈሩ ጎዶሎ ነው።

በአሜሪካው የአፈር ምደባ ሥርዓት የቬርቲሶል ንዑስ ክፍሎች በአብዛኛው የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው። በሐሩር አካባቢ በመደበኛ ዓመት ስንጥቁ በድምሩ 90 ቀንና ከዚያ በላይ ክፍት የሚሆንበት አፈር ዩስተርት፣ ከዚያ ያነሰ ቀን የሚከፈተው ደግሞ ዩደርት ሊባል ይችላል። የቤተ ሙከራ ውጤት ብቻ ይዞ ይህን ስም መስጠት አይቻልም።

ሦስቱ ምስክሮች ሲስማሙ

አሁን ወደ ገበሬው እንመለስ። ብዙ የመረሬ ገበሬ ክረምቱን አሳልፎ፣ ውኃው ሲጎድል ሽምብራ፣ ጓያ ወይም ምስር ይዘራል። ይህ ስንፍና ወይም ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ሦስቱንም ምስክሮች በልምድ አስማምቶ የደረሰበት ውሳኔ ነው። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍለዋል። ዝናብ በሚበዛባቸው ሁለት ወራት ማሳው ያለ ሰብል ይቆያል፤ የተራቆተው አፈርም ይታጠባል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው መደብና ቦይ በእጃቸው እያወጡ ትርፉን ውኃ ያጠነፍፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ኢልካ በሚል ምህጻር ይታወቅ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ማዕከል ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማጣመር 80 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መደብና 40 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቦይ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። ሆኖም ከአንዱ ማሳ የወጣ ውኃ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ከተኛ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተፈታም። ስለሆነም አሰሳው ከአንድ ማሳ አልፎ ውኃው እስከሚወርድበት ወንዝ ድረስ መዝለቅ ይኖርበታል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሥራ ከፊሉን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። አንድ እፍኝ አፈር አድቅቃችሁ በረጅም ጠርሙስ ውኃ በጥብጡ፤ ከ45 ሴኮንድ በኋላ ወደ ታች የወረደውንና በማግስቱ ሳይረጋ ያደረውን አስተያዩ። በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ መረሬ ካለ ከመስከረም ጀምራችሁ በየሳምንቱ አንድ ቀጭን እንጨት ወደ ስንጥቁ እየሰደዳችሁ ጥልቀቱን መዝግቡ፤ ስንጥቁ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ቀንም ጻፉ። ከአቅራቢያችሁ የሜትሮሎጂ ጣቢያ የዝናቡን መጠን አግኝታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከዚያም መዝገባችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ የአካባቢው ገበሬ ሂዱና የሚዘራበትን ቀን በምን እንደሚወስን ጠይቁት።