ትልቁን ፊደል አንብባችሁ ትንሹን አትለፉ



ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ጋዜጣ ራሳችሁ ለማንበብ በመብቃታችሁ ደስ ይበላችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መድኃኒት ንባብ ነው። ይኸውም ሐኪም ለወገብ፣ ለጉልበትና ለቁርጥማት ስለሚያዝዘው የሕመም ማስታገሻ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። የምነግራችሁ የጤና ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ለምን ጠየቅህ ብትሉኝ፣ ስለ ተሳሳትኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። በሀብሩ፣ ከመርሳ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ፊደል አስቆጥር ነበር። የአረም ጊዜ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ነበሩ። ቀን አጎንብሰው ሲያርሙ ውለው ማታ ጉልበታቸው አብጦ ያድራል። ጤና ጣቢያ ሄዱና ሐኪሙ መርምሮ ኪኒን አዘዘላቸው። በከረጢቱ ላይ "ዲክሎፌናክ 50፣ 1×3፣ ከምግብ በኋላ" ተብሎ ተጽፏል።

"እስቲ አንብብልኝ ልጄ" አሉኝ።

"አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ይላል አባባ" አልኳቸው።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምሱ አውቃለሁ። "ታዲያ የጠዋቱን እንዴት ይውጡታል?" ብዬ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ መድኃኒት ይዘው መጡ። ሴት ልጃቸው ከሳውዲ ዓረቢያ የላከችላቸው ነው። ባኮው ላይ በእንግሊዝኛ በትልቁ የተጻፈውን አነበብኩና "ቮልታረን ይላል፤ ለቁርጥማት ነው" አልኳቸው። ከትልቁ ፊደል ሥር ትንሽ ጽሑፍ ነበረች። እሷን አላነበብኳትም። ብትነበብ "ዲክሎፌናክ" ትላለች። ያው መድኃኒት ነው! ስሙ ተለወጠ እንጂ ጤና ጣቢያ ከተሰጣቸው አይለይም።

እሳቸውም "ሁለት ዓይነት መድኃኒት ያገኘ ቶሎ ይድናል" ብለው ሁለቱንም መዋጥ ጀመሩ። በቀን 6 ፍሬ መሆኑ ነው፤ ያውም የጠዋቱ በባዶ ሆድ።

በሳምንቱ ከትምህርት ቀሩ። ቤታቸው ስሄድ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ሲነሡም እያዞራቸው አገኘኋቸው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። በባጃጅ መርሳ አደረስናቸው፤ ከዚያም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ተላኩ። ጨጓራቸው ቆስሎ ይደማ ነበር። ደም ተሰጣቸውና ተረፉ።

ልጠይቃቸው ስሄድ አቀርቅሬ ብቆም "አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን አደረግህ?" አሉኝ። እኔ ግን ያላደረግሁትን አውቀዋለሁ።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

አንድ የአካል ክፍል ሲጎዳ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያማል። ሐኪሞች ይህን "ብግነት" ይሉታል። ብግነትን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ኪኒኑ ይህ ንጥረ ነገር በብዛት እንዳይመረት ያደርጋል። ይህን ሥራውን የገለጠው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን ነው፤ ዓመቱም በፈረንጆች 1971 ነበር። በ1982 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆኗል።

ይኸው ንጥረ ነገር ግን ሌላ ሥራም አለው። ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃል። ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስም ይረዳል። ስለዚህ ኪኒኑ ሕመሙን ሲያስታግስ ይህን ጥበቃም ያሳሳዋል። የአረም መድኃኒትን አስቡ። በልኩ ሲረጭ አረሙን ያጠፋል፤ ከልኩ ሲያልፍ ሰብሉንም ያቃጥላል።

"ኪኒኑ ከጎዳኝ መርፌውን ልወጋ፤ መርፌ በጨጓራ አያልፍም" የሚሉ ሰዎች አሉ። ስሕተት ነው። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ጨጓራን ይጎዳል።

ስሙ ብዙ፣ ቤተሰቡ አንድ

እነዚህን ስሞች ደጋግማችሁ አንብቡ፦ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የንግድ ስምም አላቸው። ቮልታረን ማለት ዲክሎፌናክ ነው። ብሩፌንም አድቪልም አይቡፕሮፌን ናቸው። ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ሲልክላችሁ በእነዚህ ስሞች ይመጣሉ። ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር ከዚህ ቤተሰብ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትውሰዱ። ፓራሲታሞል ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ቢሆንም ከልኩ ካለፈ እሱም ጉበትን ይጎዳል።

ከመዋጣችሁ በፊት

1ኛ/ ቁጥሩን አንብቡ። 1×3 ማለት 1 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ ማለት ነው። 3 ፍሬ ባንዴ ማለት አይደለም። ለአዋቂ የሚታዘዘው ዲክሎፌናክ በቀን ከ150 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ይህም ባለ 50ው 3 ፍሬ ነው። አንዱን ብትረሱ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለት አድርጋችሁ አትዋጡ። ሕመሙ ሲሻላችሁ "ማቆም እችላለሁ ወይ?" ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህ መድኃኒት በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ ነው የሚመረጠው።

2ኛ/ "ከምግብ በኋላ" የሚለውን በሥራ አውሉት። በልታችሁ፣ ቆማችሁ ወይም ተቀምጣችሁ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት። ወዲያው አትተኙ። በአረቄና በጠላ ላይ አትውሰዱት። ጾም ላይ ከሆናችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሰዓቱን ሊያስተካክልላችሁ ይችላል። በፍልሰታም ሆነ በረመዳን የታመመ ሰው ባይጾም ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን አማክሩ።

3ኛ/ ለሐኪሙ ምንም አትደብቁ። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ ደም ብዛት ወይም አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱ ሳይታዘዝለት በፊት ይናገር። ነፍሰ ጡር እህቶች በተለይ ከአምስተኛው ወር ወዲህ ሐኪም ሳያዝዝ አይውሰዱት። ተቅማጥና ትውከት ያደከመው ሰውም ለኩላሊቱ ይጠንቀቅ። ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ጭምር፣ ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩ።

4ኛ/ ዓመቱን አንብቡ። ባኮው ላይ የሚታተመው የፈረንጅ ዓመት ነው። ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። የእኛ መስከረም 2017 ዓ.ም. በፈረንጅ 2024 ነበር። በዚያን ጊዜ 2023 የሚል ኪኒን ያየ ሰው "ገና ስድስት ዓመት አለው" ሊል ይችላል። ግን ጊዜው አልፎበታል።

5ኛ/ ትኩሳት ካለባችሁ በማስታገሻ ብቻ አትሸንግሉት። ሀብሩ ወባ ያለበት ቆላ አለው። ኪኒኑ ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ወባውን አይገድልም። ደማችሁን አስመርምሩ። በጎረቤታችን በአፋር፣ በሎጊያና በሚሌ፣ በ2015 ዓ.ም. ደንጊ የሚባል የትንኝ በሽታ ተነሥቶ ነበር። በደንጊ ላይ እነዚህን ኪኒኖች መዋጥ ደም መፍሰስን ያባብሳል። ከዚያ አካባቢ ተመልሳችሁ ካተኮሳችሁ የነበራችሁበትን ቦታ ለሐኪሙ ንገሩ።

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ኪኒኑን አቁማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤ ጠንካራ የሆድ ቁርጠት፤ የሽንት ማነስ፤ የፊት ወይም የእግር እብጠት፤ የትንፋሽ ማጠር፤ የሰውነት ሽፍታ።

ያ አባት ከሆስፒታል ወጥተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። አሁን መድኃኒት ሲሰጣቸው ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆመው "ይህቺ ትንሿ ምን ትላለች?" ሳይሉ አይወጡም። አንድ ቀን እኔን ራስ ምታት ይዞኝ ኪኒን ላወጣ ስል "ቆይ! ምግብ ቀምሰሃል?" ብለው አስቆሙኝ። ያኔ እኔ ልጠይቃቸው የሚገባኝን ነው የጠየቁኝ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የቤት ሥራ አላችሁ። በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ በሣጥንም በግድግዳ ስንጥቅም የተቀመጠውን፣ አውጡ። ስሙን፣ ቁጥሩንና ዓመቱን አንብቡ። ማንበብ ያቃታችሁን ለብቻው አድርጉና ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሳይነበብላችሁ አትዋጡት። የቀረውንም ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።