የአምስቱ ዓመታት ስሌት፦ የውጭ አገር ተማሪና የደመወዝ ተቀናሽ

ዱርቤቴ ውስጥ የሚያስተምር የመንግሥት መምህር ደመወዙን ሲቀበል ሁለት ተቀናሾችን ያያል፤ አንደኛው የሥራ ግብር፣ ሁለተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ነው። ይኸው መምህር ነገ ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ አሜሪካ ሄዶ ቢቀጠር ተመሳሳይ ሁለት ተቀናሾች ያጋጥሙታል። ለመሆኑ ሁለቱንም የመክፈል ግዴታ አለበትን?

የመጀመሪያው የፌዴራል የገቢ ግብር ሲሆን ተማሪውም ይከፍለዋል፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የለም። ሁለተኛው ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2፣ ለሜዲኬር 1.45፣ በድምሩ 7.65 በመቶ ነው። በዚያ አገር የጡረታ መብት ለማግኘት ዐሥር ዓመት ያህል መሥራት ስለሚጠይቅ፣ ተምሮ ለሚመለስ ሰው መዋጮው እምብዛም አይጠቅመውም። ሕጉም ለግብር ጉዳይ «ነዋሪ ያልሆነ» ተብሎ የሚቆጠረውን ተማሪ፣ በቪዛው በተፈቀደለት ሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ ከዚህ ተቀናሽ ነጻ ያደርገዋል።

ተማሪው በዚህ ደረጃ የሚቆየው በአብዛኛው ለአምስት የፈረንጅ ዓመታት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የዓመት ክፋይ እንደ ሙሉ ዓመት መቆጠሩ ነው። ቆጠራው እንደ ውኃ የሚፈስ ሳይሆን እንደ ደረጃ የሚዘል ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2021 የገባ ተማሪ በአራት ቀን አንድ ዓመት ያጠናቅቃል፤ አምስቱ ዓመታትም በ2025 መጨረሻ ያበቃሉ። ከእርሱ ስድስት ቀን ዘግይቶ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 የገባው ግን እስከ 2026 መጨረሻ ይቆይለታል። በወር 2,000 ዶላር ለሚከፈለው ሰው የአንድ ዓመት ልዩነቱ 1,836 ዶላር ነው።

በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስቱ ዓመታት በኋላም አይቀነስበትም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከምረቃ በኋላ ለተግባር ልምምድ በኩባንያ ሲቀጠር ነው። ቪዛው ወደ ኤች-1ቢ የሠራተኛ ቪዛ ከተለወጠ ደግሞ ነጻነቱ ያበቃል።

በስሕተት የተቀነሰበት ተማሪ አስቀድሞ አሠሪውን መጠየቅ ይኖርበታል። አሠሪው ካልመለሰለት ቅጽ 843ን ከቅጽ 8316 ጋር ሞልቶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያቀርባል፤ የጊዜ ገደቡም በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው። እኛም በተማሪነታችን ዘመን የደመወዝ ወረቀታችንን ሳንመረምር መሳቢያ ውስጥ እንከት ነበር፤ መጠየቅ ነውር መስሎን። በቤተ ሙከራ የመሣሪያውን ንባብ ሳይፈትሽ የማያልፍ ተማሪ፣ የደመወዝ ወረቀቱንም እንዲሁ ሊፈትሽ ይገባዋል።