ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ሲደረግ የሚገታን የትኛው ዕቃ ነው?

ደሴ ላይ የኒካሕ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍበት ፕሮሰሰሩን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ለማሠራት፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ለማድረግ ይነሳል። ጥቂት ቀን ይሠራለታል። ከዚያ ሌሊቱን ሲቀናበር ያደረው ቪዲዮ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ድርግም ይላል። የከፋው ደግሞ ሳይጠፋ ፋይሉን ሲያበላሽ ነው፤ የሰው ሠርግ ዳግም አይቀረጽም። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በፕሮሰሰሩ ላይ እንጥላለን። ነገር ግን የሚገታው ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ማሽኑ ይፈቅድ እንደሆነ እንይ። ከኢንቴል በአብዛኛው ስማቸው ላይ «ኬ» ያለባቸው ፕሮሰሰሮች በ«ዜድ» ማዘርቦርድ ላይ ሲሆኑ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ አብዛኞቹ ራይዘኖች በ«ቢ» እና በ«ኤክስ» ማዘርቦርዶች ላይ ይፈቅዳሉ። ለቢሮ የተሠሩ ኮምፒውተሮች ግን አብዛኞቹ በባዮስ የተቆለፉ ናቸው።

ከፈቀደ ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ራሙን በመደበኛ ፍጥነቱ እንተወው፤ ፕሮሰሰሩን በ100 ሜጋኸርትዝ እያሳደግን በየደረጃው በፕራይም95 እናስጨንቀው። ሲወድቅ ምልክቱን እናንብብ።

ሙቀት፦ ፕሮሰሰሩ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የኬሱን ጎን ከፍተን የቤት ቬንትሌተር ስናዞርበት ከተረጋጋ፣ ችግሩ ፋኑ፣ አቧራው ወይም የደረቀው ቴርማል ፔስት ነው።

ማዘርቦርድ፦ ፕሮሰሰሩ ሳይግል ፍጥነቱ ከወረደ፣ ኃይል የሚያቀብለው የማዘርቦርዱ ክፍል ግሏል ወይም የኃይል ገደቡ ላይ ደርሷል።

ፓወር ሰፕላይ፦ ጭነት ሲበዛ ያለ ምንም የስህተት ጽሑፍ ድንገት ከጠፋ ይህን እንጠርጥር። የ12 ቮልቱ መስመር በመልቲሜትር ከ11.4 በታች ከወረደ ደካማ ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ጥርጣሬውን ይቆርጣል።

ራም፦ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲፈተን አልፎ፣ ራሙን ስናፈጥን ከወደቀ ጥፋቱ የራሙ ነው። በሜምቴስት86 ይጣራል፤ አንድም ስህተት መታየት የለበትም።

ፕሮሰሰሩ ራሱ፦ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣና ትንሽ ቮልቴጅ ሲጨመርለት ከተረጋጋ፣ የደረስነው የራሱ ገደብ ላይ ነው። ቮልቴጅ ማብዛት ፕሮሰሰሩን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል።

ቦታውም ለውጥ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ደሴ ብትቀዘቅዝም አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ብርዱ የምናስበውን ያህል አይጠቅምም። ኮምቦልቻ አየሩ ወፈር ቢልም ክፍሉ ይሞቃል። ስለዚህ ደሴ ተፈትኖ ያለፈ ማሽን ኮምቦልቻ ሲወርድ እንደገና ይፈተን፤ ያውም ከቀኑ ሞቃት ሰዓት ላይ። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ስታቢላይዘር ሳይኖር የተገኘ ውጤት አያስተማምንም።

ገደቡን ካገኘን በኋላ ከ100 እስከ 200 ሜጋኸርትዝ ዝቅ ብለን እንሥራ። ከሁሉ በፊት ግን የደንበኛው ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ አደራ ነውና። ማሽኑ አሁንም በአሮጌ ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ገንዘቡ ኤስኤስዲ ላይ ቢውል ከኦቨርክሎክ ይልቅ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል።