የሌሊት ወፍን ጩኸት ወደ ጆሮ የሚያወርድ ሰርኪዩት

የሌሊት ወፍ በጨለማ ነፍሳትን የምታድነው በድምፅ ነው፤ ትጮሃለች፣ ከነፍሳቱ ነጥሮ የሚመለሰውንም ድምፅ ትሰማለች። ለንደን ውስጥ በብዛት የምትገኘው፣ ፒፒስትሬል የተባለችው የሌሊት ወፍ የምትመዝነው 5 ግራም ገደማ ነው። ዎርምውድ ስክራብስን በመሰሉ ሜዳዎች ዳርቻ ስትበርር ጩኸቷ 45 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይደርሳል። የሰው ጆሮ ግን ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማምና የፈለገችውን ያህል ብትጮህ ለሰው ጸጥታ ነው።

ይህን ድምፅ ወደ ጆሮ የሚያወርደው ዘዴ የድግግሞሽ ቅልቅል ነው። ሁለት ሞገዶች እርስ በርስ ሲባዙ ሁለት አዳዲስ ሞገዶች ይፈጠራሉ፤ የአንደኛው ድግግሞሽ የሁለቱ ድምር፣ የሌላኛው ደግሞ የሁለቱ ልዩነት ነው። ማይክሮፎኑ 45 ኪሎኸርዝ ተቀብሎ በሰርኪዩቱ ያለው ኦሲሌተር 43 ቢያመነጭ፣ ድምሩ 88፣ ልዩነቱ 2 ኪሎኸርዝ ይሆናል። 88ቱን ከሬዚስተርና ከካፓሲተር የተሠራ ማጣሪያ ያስቀረዋል፤ 2ቱ በአምፕሊፋየር ጎልብቶ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል።

ቁም ነገሩ መባዛቱ ላይ ነው። ሁለት ሞገዶች በአንድ ሽቦ ላይ ስለተደመሩ ብቻ አዲስ ድግግሞሽ አይፈጠርም። ዳዮድ ግን ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ የሞገዱን ቅርፅ ያዛባል፤ የልዩነቱ ድግግሞሽ የሚገኘውም ከዚህ መዛባት ነው። በኦሲሌተሩ ምት በሴኮንድ 43,000 ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሐሳቡን ለሬዲዮ ያፈለቀው ሬጂናልድ ፌሰንደን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1901 ነበር። የቤት ቴሌቪዥኖችም ጣቢያ የሚመርጡት በዚሁ ቅልቅል ነበር። በ1938 የሃርቫርዶቹ ጆርጅ ፒርስና ዶናልድ ግሪፊን የሌሊት ወፎች ከጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ እንደሚያወጡ በዚሁ ዘዴ በሚሠራው የፒርስ መሣሪያ አረጋገጡ።

ዛሬ መሣሪያው በኪስ ይያዛል። የኦሲሌተሩን ድግግሞሽ የሚቀይረው መደወያ ወደ ጩኸቱ ድግግሞሽ ሲጠጋ ልዩነቱ ስለሚያንስ ቀጭኑ ጠቅታ እየወፈረ ይሄዳል፤ 45 አካባቢ ከወፈረ ተራዋ ፒፒስትሬል፣ 55 አካባቢ ከወፈረ ደግሞ የቅርብ ዘመዷ ሶፕራኖ ፒፒስትሬል ናት። ሁለቱ እስከ 1990ዎቹ ድረስ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር፤ መለያየታቸው መጀመሪያ የተስተዋለውም በጩኸታቸው ነው።

ዘዴው ገደብም አለው። መደወያው ከቆመበት የራቀ ጩኸት አይሰማም፤ ኦሲሌተሩ 43 ላይ ሳለ የ41 እና የ45 ኪሎኸርዝ ድምፆች ሁለቱም 2 ኪሎኸርዝ ሆነው ስለሚወጡ መለየት የሚቻለው መደወያውን በማዟዟር ነው። ድምፁ ግን ሳይዘገይ፣ የጩኸቱን ምት እንደያዘ በዚያው ቅጽበት ይደርሳል። ስለዚህ የሌሊት ወፏ ነፍሳት ላይ ስትቃረብ ጠቅታው ሲፈጥን፣ አደኑን ከስር ከስር በጆሮ መከታተል ይቻላል።