የነጭ ሽንኩርት ዳቦና የትራፍል መዓዛ

ዳቦ ብቻውን ሲበላ ጣዕሙ ለዘብ ያለ ነው። ስለሆነም ልዩ ልዩ ሕዝቦች እንደየአገራቸው ልማድ ቅቤ፣ ዘይት፣ ማር ወይም ቅመም እየጨመሩ ያጣፍጡታል። ከእነዚህ የማጣፈጫ ዘዴዎች አንዱ በኢጣልያ ከቆየ የገጠር ልማድ የመነጨው የነጭ ሽንኩርት ዳቦ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በዚሁ ዳቦ ላይ ትራፍል የሚባለውን የእንጉዳይ ዓይነት መዓዛ መጨመር በብዙ አገሮች ተለምዷል። ይህ ምግብ በቤት ውስጥ ያለ ብዙ ድካም ሊዘጋጅ ይችላል። ይሁን እንጂ አዘጋጁ የሁለቱ መዓዛዎች ምንጭ ምን እንደሆነና በምን ምክንያት እንደሚጠፋ ካላወቀ ዳቦው ይመርበታል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይባክናል፤ ከዚህም አልፎ ጤናው ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ከመግለጽ በፊት የመዓዛዎቹን ምንጭ መመርመር ያስፈልጋል።

የዳቦው አመጣጥ

በመካከለኛው ኢጣልያ፣ ቶስካና በተባለው አውራጃ፣ በመከር ወራት የወይራ ፍሬ ተጨምቆ አዲሱ ዘይት ሲወጣ ገበሬዎች ቁራጭ ዳቦ በፍም ላይ ይጠብሳሉ። ከዚያም ትኩሱን ዳቦ በተላጠ ነጭ ሽንኩርት ያሹታል፤ አዲሱን ዘይት ያፈሱበታል፤ ጨው ነስንሰውም ይበሉታል። ይህም ምግብ በአገሩ ቋንቋ ፌቱንታ ይባላል፤ ትርጉሙ «ዘይት የተቀባ ቁራጭ» ማለት ነው። ዳቦው ለገበሬው ምግብ ብቻ ሳይሆን የአዲሱን ዘይት ጥራት የሚመዝንበት መቅመሻም ነበር። ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ የፈለሱ ሰዎች ይህን የመሰለውን ልማድ ይዘውት ሄዱ። በዚያም የወይራው ዘይት ብዙውን ጊዜ በቅቤ እየተተካ፣ ዛሬ በየአገሩ የሚታወቀው የነጭ ሽንኩርት ዳቦ በ20ኛው መቶ ዓመት ተስፋፋ።

በእኛም ቋንቋ ውስጥ ከዚያው አገር የመጣ ቃል ይገኛል። ነጩን የስንዴ ዳቦ «ፉርኖ ዳቦ» ስንል የምንጠቀምበት ቃል ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃን ያመለክታል።

የነጭ ሽንኩርት ሽታ እንዴት ይፈጠራል?

ያልተላጠና ያልተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት በእጅ ቢያዝ ሽታው እምብዛም አይሰማም። በሙቀጫ ሲወቀጥ ግን ሽታው ወዲያውኑ ቤቱን ይሞላዋል። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? በነጭ ሽንኩርቱ ሕዋሳት ውስጥ አሊን የሚባል ሽታ የሌለው ውሁድና አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተለያይተው ይገኛሉ። ሽንኩርቱ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲቆረጥ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይፈርሳል፤ ሁለቱም ይገናኛሉ፤ ከግንኙነታቸውም አሊሲን የተባለ ኃይለኛ ሽታ ያለው ውሁድ ይወለዳል። አሊሲንን ለይተው በማውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1944 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የገለጹት ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ናቸው። ሽታው ለተክሉ መከላከያ ነው፤ ሥሩን ሊበሉ የሚመጡትን ነፍሳትና እንስሳት ያርቅለታል።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ትምህርቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሚበላሽ ነጭ ሽንኩርቱ ከተወቀጠ በኋላ እሳት ሳይነካው ለ10 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ሽታው በሚገባ ይጎለብታል። ሳይቀጠቀጥ ከነልጣጩ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ግን ለስላሳና ጣፋጭ ይሆናል እንጂ ያን የመሰለ ኃይል አይኖረውም። ሁለተኛ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በብርቱ እሳት ላይ ጠቆር እስኪል ከቆየ ይመራል። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ መልካሙን ቅመም የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ አያያዙ ነው።

ትራፍል ምንድን ነው?

ትራፍል ከመሬት በታች የሚበቅል የእንጉዳይ ዘመድ ነው። ቅርጹ ድንች ይመስላል። የሚኖረውም ኦክና ሄዝል ከተባሉት ዛፎች፣ እንዲሁም ከሌሎች ጥቂት ዛፎች ሥር ጋር ተጣብቆ ነው። ኑሯቸውም በመረዳዳት ላይ የተመሠረተ ነው፤ እንጉዳዩ ከአፈር የሰበሰበውን ውሃና ማዕድን ለዛፉ ይሰጣል፤ ዛፉ ደግሞ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንቴ አውራጃ፣ በተለይም በአልባ ከተማ አካባቢ የሚገኘው ነጩ ትራፍል፣ በፈረንሳይ ደግሞ በፔሪጎር ስም የሚጠራው ጥቁሩ ትራፍል ከሁሉ ይበልጥ የታወቁ ናቸው።

ከመሬት በላይ የሚበቅሉት እንጉዳዮች ስፖር የሚባሉትን ደቃቅ የመራቢያ ቅንጣቶቻቸውን በነፋስ ይበትናሉ። ትራፍል ግን በአፈር ስለተሸፈነ ነፋስ አይደርስለትም። ስለዚህ በበሰለ ጊዜ ኃይለኛ መዓዛ ያወጣል፤ መዓዛው የሚስባቸው የዱር አሳማዎችና ሌሎች እንስሳት ቆፍረው ይበሉታል፤ ስፖሮቹም ከእንስሳቱ እዳሪ ጋር በሌላ ቦታ ይወድቃሉ። እንግዲህ ነጭ ሽንኩርት በሽታው ጠላቱን ሲያርቅ፣ ትራፍል በሽታው መልእክተኛውን ይጠራል ማለት ነው።

ሰዎችም ይህንኑ የእንስሳት የማሽተት ችሎታ ተጠቅመውበታል። በጥንት ጊዜ ትራፍል ፈላጊዎች አሳማ እያስከተሉ ወደ ጫካ ይሄዱ ነበር። ነገር ግን አሳማ ያገኘውን ራሱ ለመብላት ስለሚሻማና መሬቱንም ስለሚገለባብጥ፣ በኋላ የሠለጠነ ውሻ ተመረጠ። በኢጣልያም በ1985 የወጣ ሕግ ፍለጋው በሠለጠነ ውሻ እንዲካሄድ ያዛል። የትራፍል ወቅት አጭር፣ ፍለጋው አድካሚ፣ ነጩንም በእርሻ ማልማት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ዋጋው በጣም ውድ ነው። ነጩ ትራፍል አይቀቀልም፤ አይጠበስምም፤ መዓዛው በሙቀት በኖ ስለሚጠፋ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ጥሬውን በስሱ ተከርክሞ ይነሰነሳል።

በጠርሙስ ውስጥ ያለው መዓዛ

በ1967 የኢጣልያ ኬሚስቶች ከነጩ ትራፍል ውስጥ ዋነኛ ሽታ ሰጪ የሆነ አንድ ውሁድ ለዩ። ውሁዱም ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከድኝ የተሠራ ነው። አሊሲንም በውስጡ ድኝ አለው። በአፋር ምድር በዳሎል ቢጫ መልኩ ጎልቶ የሚታየው ይኸው ድኝ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ሲዋሐድ ብዙ ጠንካራ ሽታዎችን ይፈጥራል። ነጭ ሽንኩርትና ትራፍል በአንድ ዳቦ ላይ ተስማምተው መገኘታቸው ከዚህ ዝምድና የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

የውሁዱ አሠራር ከታወቀ በኋላ ትራፍል ሳያስፈልግ በፋብሪካ ማምረት ተቻለ። ዛሬ «የትራፍል ዘይት» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው አብዛኛው ዘይት ይህ በፋብሪካ የተሠራ ውሁድ የተጨመረበት ተራ ዘይት ነው። አንዳንድ ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ የደረቀ ትራፍል ቁራጭ ቢታይም መዓዛው ከቁራጩ ላይገኝ ይችላል። ሰው ሠራሽ መሆኑ ብቻውን ዘይቱን መርዝ አያደርገውም። ሆኖም እውነተኛው ትራፍል የብዙ ውሁዶች ድብልቅ መዓዛ ሲኖረው፣ የጠርሙሱ በአንድ ውሁድ ላይ ያተኮረ ነው። ስለዚህ ገዢው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር ሊያነብ ይገባዋል። «መዓዛ» ወይም «ማጣፈጫ» የሚል ቃል ካገኘ የትራፍልን ሳይሆን የማጣፈጫን ዋጋ መክፈል እንዳለበት ይረዳል።

አሠራሩ

ለአንድ መካከለኛ ፉርኖ ዳቦ የሚያስፈልጉት 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የትራፍል ዘይት ናቸው። ተነጥሮ በቅመም የተዘጋጀው ቅቤ የኮረሪማው፣ የአብሹና የሌላው ቅመም ሽታ የትራፍሉን መዓዛ ስለሚሸፍነው ለዚህ ተግባር አይመረጥም።

በመጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦ ከጨው ጋር በሙቀጫ ይወቀጥና 10 ደቂቃ ይቆያል። ቀጥሎ ከለሰለሰው ቅቤ ጋር በሚገባ ይደባለቃል። ዳቦው ጣት በሚያህል ውፍረት ይቆረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ ገጹ ቅቤ ይቀባል። መጋገሪያ ምድጃ ካለ፣ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ውስጥ የዳቦው ጠርዝ ወርቃማ እስኪመስል ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይቆያል። ምድጃ ከሌለም ምጣድ ይበቃል፤ ቁራጮቹ የተቀባው ገጻቸው ወደ ላይ ሆኖ በለዘበ እሳት በተጣደ ምጣድ ላይ ይደረደራሉ፤ አክንባሎ ተደፍቶባቸውም ቅቤው እስኪቀልጥና ሥራቸው እስኪጠበስ ይጠበቃል። የትራፍሉ ዘይት የሚጨመረው ዳቦው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ቀድሞ ቢጨመር መዓዛው ከምግቡ ይልቅ ለወጥ ቤቱ አየር ይሆናል።

ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ

አንዳንድ ሰዎች ሥራ ለማቅለል ሲሉ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክረው በጠርሙስ ያስቀምጣሉ። ይህ ልማድ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በአፈር ውስጥ የሚኖር አንድ የባክቴሪያ ዓይነት ስፖሮቹ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ወደ ቤት ሊገቡ ይችላሉ። ስፖሮቹ በተራ ማፍላት አይሞቱም። ዘይቱ አየር እንዳይገባ ሲከለክል፣ ነጭ ሽንኩርቱም ኮምጣጣ ስላልሆነ፣ ባክቴሪያው በሞቃት ቦታ ያድግና ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል፤ ታማሚው መተንፈስ እስኪያቅተው ሊያደርስ ይችላል። በ1985 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ከቅዝቃዜ ውጭ የተቀመጠ የነጭ ሽንኩርት ዘይት የበሉ 36 ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘዋል።

መርዙ ሽታም ጣዕምም አይሰጥም። ስለዚህ የነጭ ሽንኩርት ቅቤም ሆነ ዘይት ለዕለቱ በሚበቃ መጠን ብቻ መዘጋጀት አለበት። ቢተርፍ ወዲያውኑ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይበላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ትርፉን መጣል እንጂ ለነገ ማሳደር አይገባም።

ከላይ እንደተመለከትነው፣ አፍንጫ ጥሩ ዳኛ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ መብሰሉን፣ ትራፍሉም መኖሩን ይነግረናል። ነገር ግን ፋብሪካ የሠራውን ከጫካ ከተገኘው ሁልጊዜ አይለይልንም፤ የተደበቀውንም መርዝ ፈጽሞ አያሳውቀንም። አፍንጫ ያልደረሰበትን የሚሞላው ዕውቀት ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሚያነብና የምግቡን ጠባይ የሚያውቅ ሰው፣ ዳቦው ቀላል ቢሆንም እንኳ በልቶ ይጠግባል፤ ቤተሰቡንም በጤና ያበላል።