ከዲሽ ወደ ኬብል፤ በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ የቴሌቪዥን መሥመሩን ለመለወጥ ሲያስብ

በዋሺንግተን ከተማና በአጠገቧ ባሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ከእነዚህም መካከል በጣሪያቸው ወይም በሰገነታቸው ላይ ዲሽ ተክለው ቴሌቪዥን የሚመለከቱ አሉ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ የኬብል ኩባንያ ወኪል በሩን አንኳኩቶ «ዲሹን ትታችሁ ወደ እኛ ብትመጡ በወር ይህን ያህል ዶላር ይተርፋችኋል» ሲለው፣ የቤቱ አባት ሒሳቡን አይቶ ደስ ይለዋል፤ እናት «የአገር ቤቱ ጣቢያ ይመጣል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጆቹ ደግሞ የሚጨነቁት ስለ ኢንተርኔቱ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤተሰቡ ከመፈረሙ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ማስረዳት ነው። ነገሩ በሥዕሉ ጥራት የሚወሰን ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን የሚወሰነው በሒሳቡና በኢንተርኔቱ መሥመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለቱ መንገዶች ምን እንደ ሆኑ እንመልከት። የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ መሣሪያ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ምድር በራስዋ ዙሪያ በምትዞርበት ልክ ስለሚዞር፣ ከታች ሆኖ ለሚመለከተው በአንድ ስፍራ ቆሞ የቀረ ይመስላል። ዲሹ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ከተተከለ በኋላ መንቀሳቀስ የማያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ኬብል ግን ከኩባንያው መነሻ ጣቢያ ተነሥቶ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ወይም በመሬት ውስጥ አልፎ፣ በየመንገዱ በማጉያ መሣሪያ እየበረታ እስከ ቤት ድረስ የሚመጣ ሽቦ ነው። ዛሬ የመንገዱ ትልቁ ክፍል በመስታወት ክር የሚሄድ ሲሆን፣ ወደ ቤት የሚገባው የመጨረሻው ክፍል ግን በብዙ ቦታ አሁንም የመዳብ ሽቦ ነው።

ብዙ ሰዎች ኬብል የአዲስ ዘመን፣ ዲሽ ደግሞ የአሮጌ ዘመን ነገር ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኬብል የተጀመረው በ1948 ዓ.ም. ገደማ በፔንሲልቫኒያና በኦሬጎን ግዛቶች፣ ተራራ የቴሌቪዥን ሞገድ በከለለባቸው ትናንሽ ከተሞች ነበር። በኮረብታው ራስ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተተከለ፤ ከዚያም ሽቦ እየተዘረጋ ወደ ቤቶቹ ወረደ። ለቤተሰብ የሚሆነው ትንሽ ዲሽ በአሜሪካ በሰፊው መሸጥ የጀመረው ግን ዳይሬክ ቲቪ በ1994 ዓ.ም.፣ ዲሽ ኔትወርክም በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዲሽ ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ግቢ ላለው ሰው ብቻ የሚሆን ነበር።

ከዚህም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ኬብሉ ራሱ የሳተላይት ልጅ መሆኑ ነው። በ1975 ዓ.ም. ኤች ቢ ኦ የተባለው ጣቢያ ፕሮግራሙን በሳተላይት ለኬብል ኩባንያዎች ማሠራጨት ከጀመረ ወዲህ፣ ኩባንያዎቹ በመነሻ ጣቢያቸው ግቢ ታላላቅ ዲሾችን ተክለው ከሰማይ የተቀበሉትን በሽቦ ያከፋፍላሉ። ዛሬ ከፊሉ በመስታወት ክር ቢመጣላቸውም ዲሾቹ ከግቢያቸው አልጠፉም። እንግዲህ ከዲሽ ወደ ኬብል የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው፣ ከጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ አውርዶ በኩባንያው ግቢ ባለው ዲሽ መጠቀም ነው። ትልቁ ዲሽ ዝናብን የሚቋቋም ሲሆን፣ የሚጠብቀውም ባለሙያ አለው። ስለዚህ ስለ ሥዕሉ ጥራት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የማያስፈልግ ክርክር ነው፤ በደኅና ቀን ሁለቱንም ጐን ለጐን አድርጎ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ቀኑ ሲከፋና ቤቱ ሲከለል ነው። የአዲስ አበባን ዲሽ ለለመደ ሰው ይህን በቍጥር ብናሳየው ይሻላል። በአዲስ አበባ ኢትዮሳት በተባለው ሥርጭት የሚመጡትን ጣቢያዎች ለማየት ዲሹ የሚዞረው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ነው። ይህ ሳተላይት ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ዲሹ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ያያል ማለት ይቻላል፤ የጐረቤት ፎቅ ወይም የባሕር ዛፍ በቀላሉ አይከልለውም። በዋሺንግተን ግን አገሩ ከምድር ወገብ ስለሚርቅ ነገሩ ሌላ ነው። በ101 ዲግሪ ምዕራብ ያለው የዳይሬክ ቲቪ ዋናው ስፍራ ከዚያ ሲታይ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 38 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ሰገነቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ዲሽ ለመትከል አይችልም። ደቡብ ምዕራቡ የተገለጠለትም ቢሆን በዚያ በኩል ያለውን ዛፍ መመልከት ይገባዋል። ዲሹ በክረምት፣ ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ሳለ ተተክሎ ደኅና ሲሠራ ይቆይና፣ በሚያዝያና በግንቦት ዛፉ ሲለመልም ሥዕሉ ይቆራረጥ ይጀምራል። ባለቤቱም ሪሲቨሩ የተበላሸ መስሎት ኩባንያውን ይጨቀጭቃል።

ዝናብም እንዲሁ ነው። ሳተላይቱ የሚልከው ሞገድ ርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለ ሆነ፣ ከባድ የዝናብ ጠብታ ኀይሉን ይመጥበታል፤ ይበትንበታልም። ሞገዱ ዝቅ ካለ ማዕዘን ሲመጣ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ይረዝማል። በቨርጂኒያ የበጋ ነጐድጓዳማ ዝናብ ጊዜ ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል፤ ዝናቡ ሲያልፍ ይመለሳል። ኬብል ይህ ችግር የለበትም። ነገር ግን ኬብል በሠፈሩ ማጉያ መሣሪያዎች ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ በመንገዱ ዛፍ ወድቆ ሽቦውን ቢበጥሰው ወይም የሠፈሩ መብራት ለረጅም ሰዓት ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲጠፋም ለደቂቃ ሳይሆን ለሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለቀናት ነው። ጄኔሬተር ያለው የገጠር ቤት በዲሹ ቢጸና አያስወቅሰውም።

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ሕጉን ማወቅ አለበት። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ዲሽ ሰው ለብቻው በሚጠቀምበት ስፍራ እንዳይተከል የቤት ማኅበርም ሆነ ባለቤት ሊከለክል አይችልም። ተከራዮችም በ1999 ዓ.ም. የዚህ መብት ተካፋዮች ሆነዋል። ነገር ግን መብቱ የሚያገለግለው በራሱ ሰገነት ወይም ግቢ ላይ እንጂ በጋራው ጣሪያና በውጭው ግድግዳ ላይ አይደለም። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንለፍ። የሳተላይት ቴሌቪዥን ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ነገር ነው። በዚያው ከፍታ ባለ ሳተላይት ኢንተርኔት ለመጠቀም ቢፈለግ፣ ጥያቄው ወጥቶና ወርዶ መልሱም እንዲሁ ወጥቶና ወርዶ እስኪደርስ ሞገዱ ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ይህም በብርሃን ፍጥነት ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። በድምፅና በሥዕል ለሚነጋገር ሰው ግማሽ ሴኮንድ ብዙ ነው። ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዳዲስ ሳተላይቶች ይህን ጉድለት በብዙ ቀንሰውታል፤ ሆኖም የእነርሱ ሥራ ኢንተርኔት ማቅረብ እንጂ ቴሌቪዥን ማሠራጨት አይደለም። ስለዚህ ባለ ዲሹ ቤተሰብ ለልጆቹ ትምህርትና ለወላጆች ሥራ ሲል ሽቦ ወደ ቤቱ ማስገባቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በወር ሁለት ሒሳብ ይከፍላል። የኬብሉ ወኪል ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነው፤ እውነትነትም አለው። ይሁን እንጂ ሽቦው ከገባ ዘንድ ቴሌቪዥኑንም ከእርሱ መግዛት ግዴታ እንዳልሆነ ወኪሉ አይናገርም።

የገንዘቡን ነገር በምሳሌ እንየው። ቍጥሮቹ የስሌቱን መንገድ ለማሳየት ብቻ የወሰድናቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሒሳብ ይተካቸው። ቤተሰቡ ለዲሹ በወር 90 ዶላር ይከፍላል እንበል። ከሁለት ዓመቱ ውል 9 ወር ቀርቶታል፤ ውሉን ቢያፈርስ ለእያንዳንዱ ቀሪ ወር 20 ዶላር፣ በድምሩ 180 ዶላር ይቀጣል። የኬብሉ ወኪል ያመጣው ወረቀት «በወር 50 ዶላር» ይላል። በደቃቁ ጽሑፍ ግን ለአካባቢ ጣቢያዎች 25 ዶላር፣ ለሁለት ሪሲቨሮች ኪራይ 20 ዶላር ተጨምሮበታል። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ 95 ዶላር ነው። ይህም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት 120 ይሆናል። በአንጻሩ ቴሌቪዥኑን ስለ ጨመረ ከኢንተርኔቱ ሒሳብ በወር 15 ዶላር ይቀነስለታል።

ቤተሰቡ በዲሹ ቢቀጥል በ24 ወር 2,160 ዶላር ይከፍላል። ዛሬውኑ ቢለውጥ ለኬብሉ 2,580 ይከፍልና የኢንተርኔቱ ቅናሽ 360 ሲነሣለት 2,220 ይሆናል፤ ቅጣቱ ሲጨመር 2,400 ይደርሳል። በወር 40 ዶላር ይተርፈዋል የተባለው ሰው በሁለት ዓመት 240 ዶላር ከሠረ ማለት ነው። ነገር ግን 9 ወር ታግሦ ውሉ ሲያልቅ ቢለውጥ፣ ለዲሹ 810፣ ለቀሪው 15 ወር ደግሞ ለኬብሉ ቅናሹ ተነሥቶ 1,275፣ በድምሩ 2,085 ዶላር ይከፍላል። ከሦስቱ ያነሰው ይህ ነው። እንግዲህ «ዲሽ ወይስ ኬብል?» ከሚለው ይልቅ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ይዞ ይገኛል። በወሩ መጨረሻ ለአገር ቤት ወላጆቹ የሚልከውን ቈጥሮ ለሚያስቀምጥ ሠራተኛ 315 ዶላር ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ለአካባቢ ጣቢያዎች የሚጠየቀው ክፍያ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ይኖራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የአካባቢ ጣቢያዎች የእነርሱን ሥርጭት የሚያስተላልፍ ኩባንያ እንዲከፍላቸው ለመጠየቅ ፈቀደላቸው፤ ኩባንያውም ወጪውን ለደንበኛው አሳለፈው። የሚያስገርመው እነዚሁ ጣቢያዎች በአየር ላይ በነፃ የሚገኙ መሆናቸው ነው፤ በርካሽ ዋጋ የሚገዛ አንቴና በመስኮት ላይ ያደረገ የዋሺንግተን ነዋሪ ብዙዎቹን ያያቸዋል። ኮሚሽኑ በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የኬብልም የሳተላይትም ኩባንያዎች የቴሌቪዥኑን ሙሉ ዋጋ በአንድ ቍጥር እንዲገልጡ አዝዟል። የሪሲቨሩ ኪራይ ግን ተለይቶ ስለሚቀመጥ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

የእናት ጥያቄ ቀረ። የኬብልም ሆነ የዲሽ ኩባንያ መደበኛው ጥቅል የተዘጋጀው ለአሜሪካዊው ተመልካች ነው። በ2008 ዓ.ም. በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እንደ ተመሠረተው እንደ ኢ ቢ ኤስ ያለ የአማርኛ ጣቢያ በጥቅሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይገባል፤ «የውጭ አገር ጣቢያዎች አሉን» የሚለው መልስ አይበቃም። ብዙ ቤተሰቦች አሁን የአማርኛውን ፕሮግራም የሚያዩት በኢንተርኔት ስለ ሆነ፣ የእናት ጥያቄ ከልጆቹ ጥያቄ ጋር ተገናኝቷል ለማለት ይቻላል። ሆኖም በአንዳንድ ጣሪያ ላይ ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚሠራ ሁለተኛ ዲሽ ይገኛል። በ97 ዲግሪ ምዕራብ የነበረው ጋላክሲ 19 የተባለ ሳተላይት ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ነፃ ጣቢያዎችን በማሠራጨት የታወቀ ነበርና፣ ሰዎች ወደዚያ ያዞሩት ዲሽ አላቸው። ይህኛው ከኩባንያው ውል ጋር ግንኙነት የለውም። ሠራተኛው ሊነቅል ሲመጣ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል።

የዲሽ ንግድ ራሱ እየመነመነ መሄዱም ሊታሰብበት ይገባል። ሁለቱ የሳተላይት ኩባንያዎች በ2024 ዓ.ም. ለመዋሐድ ተስማምተው ነበር፤ ነገር ግን የዲሽ አበዳሪዎች የዕዳውን አከፋፈል ስላልተቀበሉት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ስምምነቱ ፈረሰ። የኬብል ኩባንያዎችም የቴሌቪዥን ደንበኞቻቸውን በየዓመቱ እያጡ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ አዲስ የሁለት ዓመት ውል የሚፈርም ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ያለ ውል በየወሩ የሚከፈል አገልግሎት እንዳለ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ለመለወጥ የቈረጠ ቤተሰብ አዲሱ ሥራ መጀመሩን በዓይኑ ሳያይ አሮጌውን አያቋርጥ፤ ሁለቱ ለጥቂት ቀን ቢደራረቡ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። የተከራየውን ሪሲቨር ሲመልስም ደረሰኝ ይቀበል፤ አልተመለሰም ተብሎ ዋጋው ከወራት በኋላ የሚጠየቅበት ጊዜ አለና። በጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ ኩባንያው ብዙ ጊዜ አይወስደውም። ባለቤቱ ራሱ ቢያወርደው ብሎኑ የነበረበትን ቀዳዳ በሬንጅ ወይም በጣሪያ ማጣበቂያ መድፈን አለበት፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ዝናብ በዚያ በኩል ወደ ጣሪያው ውስጥ ይገባል።